ኢንተርቫል ልምምድና የአረጋውያን ወንዶች የትንፋሽ አቅም

ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በእርጅና ደግሞ ይብሳል። ሯጮች ኢንተርቫል የሚሉት፣ ብርቱ እንቅስቃሴን ከቀላል የሚያፈራርቅ ልምምድ ቅነሳውን ያዘገያል። የታወቀው የኖርዌዮቹ «4 በ4» ነው፦ ካሟሟቁ በኋላ ማውራት እስኪያስቸግር 4 ደቂቃ ዳገት መውጣት፣ 3 ደቂቃ ማዝገም፤ እንዲህ 4 ዙር።

እዚያው ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 77 የሆነ 1,567 ወንዶችና ሴቶች ለ5 ዓመት ተጠንተዋል። ኢንተርቫል ከታዘዘላቸው 3፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከታዘዘላቸው 5.9፣ የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ ካገኙት 4.7 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ግን «ዕድሜ ያስረዝማል» ለማለት አያስደፍርም።

የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባቸው አባቶች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ፣ የሚወስዷቸው ሰዎች ድካማቸውን በትንፋሻቸው ቢለኩ ይሻላል፤ ምት መቁጠር ያሳስታል።