ከቁራኛ እስከ ኪሳራ

«በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል አንድ ጥንታዊ የዕዳ ሥርዓት እየጠራን መሆናችንን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። በቀድሞዋ ኢትዮጵያ ብድሩን መመለስ ያቃተው ሰው ከአበዳሪው ጋር በልብስ ጫፍ ተቋጥሮ፣ ወይም እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተሳስሮ ይውል ነበር። ቁራኛ ማለት ይኸው ነው። የውጭ ተጓዦች ነገሩ ስላስገረማቸው በመጽሐፍም በፎቶግራፍም አስቀርተውታል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ የነበረው መሆኑ ነው። ባለዕዳው ወደ ገበያው ካልሄደ ባለገንዘቡም አይሄድም። ዋስ እንዲገኝ ወይም ሽማግሌ ገብቶ ቀጠሮ እንዲቆርጥ ሁለቱም እኩል ይቸኩሉ ዘንድ ግድ ነበር።

ይህን ያሰላሰልሁት ጁባ ውስጥ፣ በ2017 (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለአንድ የአገሬ ሰው ላስተረጕም ችሎት ፊት በቆምሁበት ዕለት ነው። ሰውየው ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና የውኃ ቦቴ ይዘው ወደዚህች ከተማ ከጐረፉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ሸቀጡን በዶላር በዱቤ ይወስድና ኮኞ ኮኞ ገበያ በፓውንድ ይሸጣል። በታኅሣሥ 2015 መንግሥት የፓውንዱን ዋጋ ለገበያው ሲለቀው ከ3 በታች የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ ወደ 18 ገደማ ዘለለ። በዶላር የተበደረና በፓውንድ የሸጠ ሁሉ፣ አንዲት ኪሎ ስኳር እንኳ ሳያባክን፣ ዕዳው በስድስት እጥፍ አደረ። ቀጥሎም የሐምሌ 2016 ውጊያ መጣ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አስተርጓሚ ስላልነበረው የገበያ ዓረብኛ የሚያውቅ ጓደኛው ቆመለት። ሰውየው በድንጋጤ «ዛሬ አልከፍልም» ይላል፤ መክፈል አልችልም ለማለት ነው። ጓደኛውም ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ «ማ ዳይር» ሲል አስተላለፈው፤ አይፈልግም ማለት ነው። ሊባል የሚገባው «ማ ጋድር»፣ አይችልም፣ ነበር። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። በሕግ ፊት ግን አንደኛው እምቢተኛ፣ ሁለተኛው ችግረኛ ነው፤ ለእምቢተኛ ደግሞ የተዘጋጀው ወኅኒ ነው። ሰውየው ከዚያች ዕለት በኋላ አሥራ አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ።

በሱዳን የዳኝነት ልማድ ውስጥ «ይብቃ ሊሂን አስ-ሰዳድ» የሚሉት አነጋገር አለ። ትርጓሜው «እስኪከፍል ድረስ ይቆይ» ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ ስትወጣ የመንግሥት ቋንቋዋን እንግሊዝኛ አደረገች እንጂ ልማዱ በአንድ ጀንበር አልተነቀለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 ባወጣው ጥናት ዕዳ ባለመክፈላቸው በወኅኒ የተቀመጡ ሰዎችን ጉዳይ ዘርዝሯል። ውል መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ ማንም እንዳይታሰር የሚደነግገውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ኢትዮጵያ በ1993 ስትቀበል ደቡብ ሱዳን የገባችበት በ2024 ነው። ከቁራኛው ጋር ሳነጻጽረው ወኅኒው የባሰ ይመስለኛል። አንድ ጫፍ ብቻ ያለው ሰንሰለት ነውና፣ ባለገንዘቡ ቤቱ እያደረ ባለዕዳው ሠርቶ ሊከፍልበት የሚችለውን ቀን ሁሉ ይበላበታል።

አገር ቤት ሕጉ ከሰውነት ወደ ንብረት የተሻገረው በጽሑፍ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ተጀምሮ እርሳቸው ሲሞቱ በአልፍሬድ ዦፍሬ የተጠናቀቀ ነው፤ አምስተኛው መጽሐፉም ስለ ኪሳራ ይደነግጋል። «ኪሳራ» ከዓረብኛው «ኸሳራ» የመጣ ቃል ሲሆን እዚያ የሚገልጸው ተራ ጉዳትን ነው። እኛ ግን አንድ ሙሉ የፍርድ ሥርዓት አሸክመነዋል። የከሰረው ነጋዴ ንብረት በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ይሰበሰባል፤ ባለገንዘቦችም አንዱ ሌላውን ሳይቀድም ይካፈሉታል፤ ወይም ከባለዕዳው ጋር ተስማምተው ስምምነታቸውን ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ይህን መጽሐፍ የተካው የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1243 ደግሞ ነጋዴው ፈጽሞ ከመውደቁ በፊት ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል።

በሩ ግን ለነጋዴ ነው። ለልጁ ሕክምና የተበደረ ደመወዝተኛ «ከስሬአለሁ» ብሎ የሚገባበት ሥርዓት በዚህ ሕግ ውስጥ የለውም። ለእርሱ የተረፈው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ነው። የሙያ መሣሪያው፣ መኝታውና የማብሰያ ዕቃው፣ ለቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብ የሚሆነው፣ ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው በአፈጻጸም እንዳይያዝበት ይከለክላል። ይህን አንቀጽ ሳያውቅ የልብስ ስፌት መኪናውን በገዛ እጁ ያስረከበ ሰው ስንት ይሆን? የሚነግረው ጠበቃ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በ1999 (እንደ አውሮፓውያን) የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከሎች ከፍተዋል። ሰው ግን ወደ ጠበቃ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ንብረቱ ከተያዘ በኋላ፣ ያውም የፈረመውን ወረቀት ምንነት ሳያውቅ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ የጁባው ሰው ጠበቃ ይዞ ቀረበ፤ እኔም በመካከል ቆምሁ። ጠበቃው ብዙ አልተናገሩም። የዱቤ ደብተሩን፣ የተዘረፈውን መጋዘን ፎቶግራፍና እስከዚያ ድረስ የከፈለባቸውን ደረሰኞች በተራ ለዳኛው አቀረቡ። ዳኛው ወደ ሰውየው ዞረው «መክፈል ትፈልጋለህ?» ሲሉ ጠየቁት። እርሱም ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ወንድሜ፣ እፈልጋለሁ በላቸው፤ አልቻልሁም እንጂ እፈልጋለሁ» አለኝ። ሁለቱንም ቃል ለየብቻ፣ ቀስ ብዬ ተረጐምሁ። ባለገንዘቡ፣ ሽማግሌ የጁባ ነጋዴ ናቸው፣ ጥቂት አሰቡና በየወሩ እንዲከፈላቸው ተስማሙ።

ክፍያው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። የመጨረሻውን ደረሰኝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና እንዳነብለት ይዞልኝ መጣ። «ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል» ይላል። በአማርኛ ጽፌ ሰጠሁት፤ አጥፎ ከፓስፖርቱ ውስጥ አኖረው።