የራስ ደጀን ቃፊሮች



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታየው ኤግዚቢሽን የኢትዮጵያን ተራሮች የሚያሳይ አንድ ትልቅ ካርታ እንድንሥል ለታሪክ ክበባችን ተሰጥቶን ነበር። ካርታው በሁለት ሳምንት አለቀ። ቀለም ለመምረጥ የተከራከርነውም ከአንድ ቀን አይበልጥም። ከሁሉ ያስቸገረን በራስ ደጀን ሥር የሚጻፈው አንድ መስመር ነው። አንዱ ጓደኛችን «በ1841 ሁለት ፈረንሳውያን መኰንኖች ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት» ብሎ ከመጽሐፍ የቀዳውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈ። ወዲያው ከበስተኋላው የቆመች አንዲት ጓደኛችን «እስከዚያ ድረስ የስሜን ሰው የት ሄዶ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። መልስ ስላላገኘን መጻሕፍቱን ማገላበጥ ጀመርን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ያገኘነውን ነው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል።

አስቀድመን ስለ ሁለት ቃላት እንናገር። በድሮው ጦር ሠራዊት ቃፊር የሚባለው ከፊት ቀድሞ መንገዱን፥ ውሃውንና የጠላትን አሰላለፍ የሚቃኘው ነው። ደጀን የሚባለው ደግሞ ከኋላ ቆሞ ሠራዊቱን የሚደግፈው ኃይል ነው። የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ራስ ደጀን ሲባል፥ የውጭ አገር ሰዎች ቃሉ አልመች ብሏቸው «ዳሸን» አሉት። ስሕተቱም ተመልሶ ወደ እኛው መጣና ዛሬ ባንክም ቢራም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለ ደጀን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቃፊሮቹ ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ተራራ መውጣት ከመውጣቱ በፊት ቅኝት እንደሚያስፈልገው የሂማላያ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። እንግሊዞች በ1921 ወደ ኤቨረስት የላኩት ጓድ ዋና ሥራው መንገድ መፈለግ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1951 ኤሪክ ሺፕተን የመራው ሌላ የቅኝት ጓድ በኔፓል በኩል ሲያስስ፥ በበረዶ ባሕር መካከል እንደ ደሴት ብቻውን የቆመ አንድ ተራራ አየና «የደሴት ተራራ» ብሎ ሰየመው። ከፍታው ከ6,100 ሜትር በላይ ነው። በ1953 ኤቨረስትን ሊወጡ የተዘጋጁት ሰዎች አስቀድመው እዚህ ተራራ ላይ ወጥተው ተለማመዱ፤ ከነሱም አንዱ የሼርፓው ልጅ ቴንዚንግ ኖርጌይ ነበር። ኋላም በ1983 ተራራው ኢምጃ ጼ የሚል ያገር ስም ተሰጠው። ዛሬ ፈቃድ የሚከፍል ጤነኛ መንገደኛ ሁሉ ከመሪ ጋር ይወጣዋል። እንግዲህ መጀመሪያ ቃፊር አየው፥ ቀጥሎ ተለማማጅ ወጣው፥ በመጨረሻም የመንገደኛ ተራራ ሆነ። የስሜንም ታሪክ በዚሁ ዓይነት የተጓዘ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ የመጀመሪያ ቃፊሮች ከ1841 እጅግ ቀድመው የነበሩ መሆናቸው ነው።

ከሁሉ የቀደመው ምስክር ከባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የግሪክ ጽሕፈት ገለበጠ። ጽሕፈቱን ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች ሲቈጥር፥ ከወንዝ ማዶ በማይደረስባቸው ተራሮች ስለሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይናገራል። በዚያም ውርጭና አመዳይ እንዳለ፥ ሰውም በበረዶው እስከ ጕልበቱ እንደሚሰጥም ይገልጻል። ይህን ያስጻፈ ንጉሥ ወይ ራሱ፥ ወይም የላካቸው ሰዎች በእርግጥ ከፍ ካለ ቦታ ደርሰዋል። የበረዶውን ጥልቀት በጕልበት የሚለካ ሰው ከሩቅ ሆኖ አላየውም። በአዱሊስ ሙቀት ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር በልብ ወለድ መጻፍም አይቻልም ብለን እንገምታለን።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ተራራው ባዶ አልነበረም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል፥ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ፥ በስሜን አምባዎች ላይ ከመሸጉት ቤተ እስራኤል ጋር ብዙ ተዋግተዋል። ከአምባው ድንጋይ እየተንከባለለበት ሽቅብ የሚወጣ ሠራዊት ያለ ቃፊር አንድ እርምጃ ሊራመድ አይችልም። የትኛው ገደል መውጫ እንዳለው፥ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ የሚያውቀው ያገሩ ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች የወጡት ለጦርነት እንጂ ለስፖርት አይደለም፤ ስለዚህም ማንም «ተራራ ወጪዎች» ብሎ አልመዘገባቸውም።

የአውሮጳ መንገደኞች ሲመጡ የመጀመሪያው ክርክራቸው ስለ በረዶ መሆኑ ያስገርማል። ጄምስ ብሩስ በ1770 በልማሊሞ በኩል አልፎ ጎንደር ገባ። ከሱ በፊት የመጡት ኢየሱሳውያን በስሜን በረዶ አለ ማለታቸውን ግን አልተቀበለም። እርሱ የተጓዘው በተራራው ጫፍ ሳይሆን በጎኑ ነበር። በ1807 ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ስሜንን አቋርጦ ሲሄድ በረዶውን አገኘው፤ ሄንሪ ሶልትም በ1810 ከትግራይ በኩል ሆኖ ጫፎቹ ነጥተው አያቸው። የአዱሊሱ ጽሕፈት ከ1,200 ዓመታት በላይ ቀድሞ የመሰከረው ነገር እንዲህ ተደርጎ «ተገኘ»። አንድ የስሜን እረኛ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በአንድ ጧት ባለቀ ነበር። ደግሞስ ከደጋ በላይ ያለውን አገር «ውርጭ» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ስለ ብርዱ አያውቅም ይባላልን?

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተፋጠነ ሄደ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 ስሜን ደርሶ ያገሩ ሰው ዋልያ የሚለውን እንስሳ አጠና፤ በ1835ም በሳይንስ ስሙ ጻፈው። የሳይንስ ስሙ ራሱ ከአማርኛው የተወሰደ ነው። በ1837 የመጣው ዕፀዋት መርማሪው ቪልሄልም ሺምፐርም ዕፅ እየሰበሰበ ሲዞር ኖሮ በ1878 በዓድዋ ሞተ።

በዚያ ዘመን ስሜንንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ማንኛውም እንግዳ ባገራቸው ለመዘዋወር ፈቃዳቸውን ማግኘት ነበረበት። እንደ ዘመኑም ልማድ ለእንግዳ ባልደረባ ይመደብለታል። ባልደረባ ማለት መንገድ የሚመራ፥ ማደሪያና ቀለብ የሚያስገኝ፥ ደግሞም እንግዳው ምን እንደሚሠራ እያየ ለጌታው የሚነግር ሰው ነው። የኛን ክርክር በብዙ የፈታልን ይህ ቃል ነው። ውቤ በስሜን በደረስጌ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ ሺምፐርም በሥራው እንደ ረዳ ተጽፏል። በየካቲት 1855 ግን ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው፥ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህ ከተራራ መውጣት ጋር ባይገናኝም፥ ስሜን የአገር ዳር የተጣለ በረሓ እንዳልነበረ ያሳያልና ሳንጽፈው ማለፍ አልወደድንም።

እንግዲህ ወደ 1841 ደረስን። ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉት ሁለት ሰዎች የፈረንሳይ ጦር ኤታ ማዦር መኰንኖች ነበሩ። ሥራቸው አገር መቃኘትና ካርታ ማንሣት ነው። በትግራይ፥ በስሜንና በአማራ ተዘዋውረው ጉዟቸውን በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ ጻፉ፤ በ1841ም ራስ ደጀን ላይ ወጡ። የነሱን ሥራ ለማቃለል አንፈልግም። በዚያ ዘመን ከፍታ የሚለካው በባሮሜትር ወይም በፈላ ውሃ ነበር። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ውሃ በአነሰ ሙቀት ይፈላል። እዚህ ልደታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፥ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የመስተዋት ዕቃ በበቅሎ ጭኖ ያን ሁሉ ገደል ሳይሰበር ማሻገር ቀላል አይደለም። በነዚያው ዓመታት አንቷን ዳባዲ ደግሞ በባዶ እግሩ፥ ያገሩን ልብስ ለብሶ፥ ከተራራ ወደ ተራራ እየሄደ በመሣሪያ ማዕዘን ይለካ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ አሳለፈ። ካርታችን ላይ የተራራዎቹን ቦታ ስናመለክት የነዚህ ሰዎች ባለ ዕዳ ነን።

ነገር ግን መለካትና መጀመሪያ መውጣት ሁለት ናቸው። የመንገዱን ጠባይ የተረዳ ሰው ልዩነቱን ያየዋል። ዛሬ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ፥ በሳንካበርና በግጭ አድርጎ ጨነቅ ይደርሳል። ከዚያም ከፍታው ከ4,400 ሜትር የሚበልጠውን የቧሂትን ተራራ ትከሻ ይሻገራል። ራስ ደጀን ከፊቱ ቁጭ ብሎ ይታየዋል፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ግን የለም። በመካከሉ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለና ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፥ ወንዙን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ወደ አምቢቆ መውጣት ነው። በማግስቱ በጧት ከአምቢቆ ተነሥቶ በጓሳውና በጅብራው መካከል እየወጣ፥ መጨረሻ ላይ ጥቂት ቋጥኝ በእጁም በእግሩም ተንጠላጥሎ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ገመድም የበረዶ መጥረቢያም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የቱ ጋ ወርዶ የቱ ጋ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሚያውቁትም በዚያው የሚኖሩት ናቸው። በስሜን ገብስ የሚያርሱ፥ በግና ፍየል የሚያሰማሩ ሰዎች የሚኖሩት ሌላው ሰው ራስ ምታት በሚይዘው ከፍታ ላይ ነው። ከጫፉ በታች በ4,300 ሜትር ገደማ ላይም አንድ ትንሽ የድንጋይ ምሽግ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ድንጋይ ተሸክሞ፥ ግንብ ክቦ፥ ዘብ ቆሞ ያደረ ሰው የቀረውን 250 ሜትር ለማየት እንኳ አልወጣም ብሎ የሚያምን ካለ፥ ከብት ጠብቆ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። እረኛ የጠፋ በግ ሲፈልግ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

ይህን ስንል በራሳችንም የደረሰ አለ። ከትምህርት ቤታችን ግቢ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የወጨጫ ተራራ ይታያል። የክበቡን አባሎች ሁሉ ከማውጣታችን በፊት አምስት ሆነን መንገዱን ልንቃኝ ሄድን። ካርታና ኮምፓስ ይዘናል፤ ከሁለቱም በላይ ኵራት ይዘናል። ጭጋግ ወርዶ አንድ ጐድጓዳ ውስጥ ሁለት ሰዓት ስንዞር ቆየን። ያወጣን አሥር ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ነው። ጥጆቹን ትቶ እንዳይሄድ ፈርቶ እነሱንም እየነዳ ወሰደን። ተመልሰን ሪፖርት ስንጽፍ «ክበባችን መንገዱን አገኘ» ብለን ነበር የጀመርነው። ያችው ጓደኛችን አይታ ሳቀች፤ እኛም አፈርን።

ስለዚህ በካርታው ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማረም ተስማማን። ከፍታውን በተመለከተ ብዙ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ሲሉ ኖረዋል፤ በኋላ ዘመን በተደረገው ልኬት መሠረት እኛ 4,550 ብለናል። አሁን በካርታው ላይ የሚነበበው «ራስ ደጀን፥ 4,550 ሜትር። በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ በስሜን ሰዎች አገር ወጥተውታል» የሚል ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ቀለሙ ደርቆ ስለ ነበር በምላጭ ፋቅናቸው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ትንሽ ሳስቷል፤ በኤግዚቢሽኑ ቀን ቀርባችሁ ብታዩት ይታያችኋል።