የፊደል መልክ ምን ይመሰክራል?

አንድ የብራና ዳዊትና አንድ የታተመ ዳዊት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ «ሐ»ን ብቻ ተከታተሉ። በታተመው ላይ «ሐ» ከገጽ እስከ ገጽ መልኩ አንድ ነው፤ በብራናው ላይ ግን ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት «ሐ»ዎች አታገኙም። የመቃ ብርዕ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣልና የጸሐፊው እጅ በእያንዳንዱ ፊደል ይታያል። ዘመኑ ባልተጻፈበት ብራና ላይ ሊቃውንት ዕድሜውን ከሚገምቱባቸው ምስክሮች አንዱ ይኸው የፊደል አጣጣል ነው። በጎንደር ዘመን የነበረው ትልቅና ቀጥ ያለ አጣጣል «ጉልሕ» ይባላል።

ፊደላችን ወደ ማተሚያ ብረት የገባው ግን በሮም ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ግእዝ ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው፤ የሚገርመው ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ ነው። በ1548 እ.ኤ.አ. የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ሲጀምሩ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፤ ግእዝ አንባቢዎቹም ኅትመት አያውቁም። ስለዚህ አባ በዚያው መጽሐፍ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ። ንባብ ለማያውቅ ሰው «ለ»ና «ሰ»፣ «ጸ»ና «ጰ» ቅርጽ ብቻ ናቸውና ለቃሚዎቹን አልፈርድባቸውም። የአባ ጎርጎርዮስ ደቀ መዝሙር ሂዮብ ሉዶልፍም በኋላ የራሱን ፊደል አስቀርጾ በ1701 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ላይ ዳዊትን አሳትሟል። በሀገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በኦቶና ብዙዎቻችን ዳዊት የምንደግመው ከስልክ ነው። ኖቶ ሳንስ የተባለው የፊደል ዓይነት መስመሩ ሁሉ ተቀራራቢ ውፍረት አለው፤ ኒያላና አቢሲኒካ የብርዑን ወፍራምና ቀጭን ጠብቀዋል። እኔ አንድን የፊደል ዓይነት የምመዝነው በ«ቀደሰ»ና በ«ቀደሱ» ነው። ሁለቱን የምትለያቸው ከ«ሰ» እግር ወገብ ላይ የወጣች አጭር ጭረት ናት። እርሷ ከደበዘዘች ብዙው አንድ ይሆናል፤ አንባቢው ዲያቆንም በጉባኤ ፊት ይሳሳታል።

የአጥቢያችሁን የብራና መጻሕፍት ስትመዘግቡም ሥዕሉንና ሽፋኑን ብቻ አታንሡ። ፊደሉ ጎልቶ እስኪታይ ተጠግታችሁ፣ ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ገጽ አንሡ፤ ሁለት ጸሐፍት ተቀባብለው ጽፈውት እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው።