ተረታችን ሥዕል ያገኘበት መንገድ

ሐዲስ ዓለማየሁ ሲነሡ ሁሉም የሚያስታውሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። እሱ በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ግን ደራሲው «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ የተረት መጽሐፍ ሰጥተውናል።

ሐዲስ የምሥራቅ ጎጃሟ የእንዶዳም ልጅ ናቸው። የቄስ ትምህርት የቀሰሙት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ነው። ዲማ የቢቸና ጎረቤት ነው፤ ደብረ ወርቅም ቢሆን ከጎንቻ ሲሶ እነሴዋ ጉንደ ወይን አይርቅም። ጣሊያን ማርኮ ዓመታት ካሰራቸው፣ በዲፕሎማትነትም ብዙ አገር ከዞሩ በኋላ ተረት ለመጻፍ መቀመጣቸው ያስደንቀኛል።

ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ግን ሥዕል ይሻል። ሥዕሉ ዘግይቶ መጣ፤ ያውም በባዕድ አገር በኩል። እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ጄን ከርትዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በተራራው ላይ ስላለው እሳት የሚነገረውን ተረት በኢ. ቢ. ሉዊስ ሥዕል አሳተመች። ተረቱን የማያውቅ ማን አለ? ድሀው ከጌታው ጋር ተወራርዶ በውርጭ ሌሊት ተራራ ላይ ያድራል፤ ማዶ የሚነደውን እሳት እያየ ይጽናናል። ጌታው «እሳት ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል። ኋላ ግብዣ ይጠራል፤ የወጡ ሽታ ያውዳል፣ ምግቡ ግን አይቀርብም። ማየት የሚያሞቅ ከሆነ ማሽተትም ያጠግባል! ደገኛው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ልጅ ይህን ብርድ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። መጽሐፉ ግን የወጣው በእንግሊዝኛ ነው።

ክፍተቱን ያየው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተመ፤ በዓመቱም አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ማሞ ገንዘቡን ይጥላል፤ እናቱ «ኪስህ ክተተው» ትለዋለች፤ በማግስቱ ወተቱን ኪሱ ያፈሳል። ሥዕሉን ያየ ሕፃን ሳይነበብለት ይስቃል።

የምሥራቅ ጎጃም መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ የአያቶቻቸውን ተረት ጽፈው፣ ራሳቸው ሥለው ያምጡ። አሳታሚዎችም ከሐዲስ መጽሐፍ አንዷን ተረት መርጣችሁ፣ ሠዓሊ ቅጠሩና ለጉንደ ወይን ሕፃናት በሚገዛ ዋጋ አውጡልን።