የድሮ መካኒካል የእጅ ሰዓት

የድሮ መካኒካል የእጅ ሰዓት ያለ ባትሪ፣ በተጠመዘዘ ሞላ ኃይል ብቻ የሚሠራና ብዙውን ጊዜ የኳርትዝ ሰዓት ከመስፋፋቱ በፊት የተመረተ ሰዓት ነው። ዛሬ እነዚህ ሰዓቶች ጊዜ ከመቁጠር ባሻገር ለታሪካቸው፣ ለእጅ ጥበባቸውና ለቤተሰብ ቅርስነታቸው ይሰበሰባሉ።

አሠራር

የሰዓቱ መሙያ ሲጠመዘዝ በውስጡ ያለው ሞላ ይጠቀለላል። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል። ኃይሉ በአንዴ እንዳያልቅ ኤስኬፕመንት የተባለው ክፍል መዘውሩን በየተራ ይይዛል፣ ይለቃል፤ የሚሰማው «ቲክ ቲክ» ድምፅም ከዚህ የሚመጣ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው በቀጭን ሞላ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ትንሽ መዘውር ነው። በብዙ የድሮ ሰዓቶች ይህ ምት በሰዓት 18,000፣ ማለትም በሴኮንድ 5 ጊዜ ነው። በአውቶማቲክ ሰዓት ደግሞ የእጅ እንቅስቃሴ የሚያዞረው ክብደት ሞላውን ይሞላል።

በገጹ ላይ «17 ጁወልስ» ተብሎ የሚጻፈው ሰበቃን ለመቀነስ የሚገቡትን ሰው ሠራሽ የሩቢ ድንጋዮች ቁጥር ያመለክታል። ድንጋዮቹ ርካሽ ስለሆኑ ቁጥራቸው ብቻውን የሰዓቱን ዋጋ አያሳይም።

የኳርትዝ መምጣት

የጃፓኑ ሴይኮ ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969) አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። የዘመናዊ ኳርትዝ ሰዓት ክሪስታል በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ቁጥር 2 በ15 ጊዜ ብዜት ስለሆነ፣ ሰርኪዩቱ በተከታታይ ለሁለት በማካፈል ትክክለኛ አንድ ሴኮንድ ያገኛል። ርካሽና ትክክለኛ የሆነው ይህ ሰዓት የስዊዘርላንድን ኢንዱስትሪ ክፉኛ ጎዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ወደ 90,000 የነበረው የሠራተኞቹ ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ።

ከኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን አቆጣጠር ጋር

በኢትዮጵያ ቀኑ ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ ስለሚቆጠር ሰዓቱ ከአውሮፓውያኑ በ6 ሰዓት ይለያል። ሰዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢሞላም ከአጭሩ ጠቋሚ በትይዩ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል፤ ጠቋሚው 8 ላይ ሲሆን ትይዩው 2 ነው። አቆጣጠሩ ከፀሐይ ጋር የተቀራረበ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወቅቱ ከንጋቱ 12፡00 ገደማ እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ቀን የሚያሳዩ ሰዓቶች ግን ለሌላ አቆጣጠር የተሠሩ ናቸው። የቀን ማሳያው እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው በየወሩ መጨረሻ፣ እንዲሁም ከጳጉሜን 5 ወይም 6 በኋላ ማስተካከል አለበት፤ ይህ በዓመት 13 ጊዜ ይሆናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚያስፈልገው 5 ጊዜ ብቻ ነው። በተጨማሪም ጠቋሚዎቹ በኢትዮጵያ ሰዓት ከተሞሉ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጠዋት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰዓት

ከኢትዮጵያ ጋር ከተያያዙት ሰዓቶች ሁሉ የታወቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ነው። ሞዴሉ 2497 ሲሆን ቀንን፣ ወርንና የጨረቃን ገጽታ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ክሪስቲስ በጄኔቫ ለጨረታ ሊያቀርበው ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከሽያጭ ወጣ። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ግን ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ጉዳዩ አንድ ዕቃ ያለፈበት የባለቤትነት ታሪክ ከወርቁ ባልተናነሰ እንደሚመዘን ያሳያል።

ሰብሳቢዎች የሚመለከቱት

* ወጥነት፦ ገጹ፣ ጠቋሚዎቹ፣ መያዣውና ሞተሩ ከመጀመሪያው አብረው የነበሩ መሆናቸው። ከተለያዩ ሰዓቶች የተገጣጠመ ሰዓት ዋጋው ዝቅተኛ ነው።
* ገጽ፦ እንደገና የተቀባ ገጽ አዲስ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳል። ጽሑፉ የተንሻፈፈ ወይም የደበዘዘ መሆኑ ምልክት ነው።
* መያዣ፦ ከመጠን በላይ ሲወለወል ጠርዙና ቅርጹ ይጠፋል።
* ታሪክ፦ ደረሰኝ፣ ፎቶግራፍ ወይም የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይቀመጣል።

አያያዝና ጥንቃቄ

የውስጡ ዘይት ስለሚደርቅ ሰዓቱ በየጥቂት ዓመቱ በሰዓት ሠሪ ተፈትቶ መጽዳትና መቀባት አለበት። ዘይቱ በደረቀበት ሰዓት ብዙ መጠቀም ክፍሎቹን ይበላል። የድሮ ሰዓት ማሸጊያ ጎማ ስለሚደርቅ እንደ ደሴ ባለ ዝናባማ ክረምት እርጥበት ገብቶ ብረቱን ሊያዝግ ይችላል። ጠቋሚዎቹ ከ9 እስከ 3 ባለው ክፍል ውስጥ ቀኑ ወደሚለወጥበት ጊዜ ሲቃረቡ ቀኑን በፍጥነት መቀየሪያው መለወጥ ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል።

እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በጨለማ እንዲያበሩ የተሠሩ አንዳንድ ገጾች ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተቀቡ ናቸው። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ስለሚቀጥልና ብናኙን ወደ ውስጥ መሳብ አደገኛ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ሰዓት በቤት ውስጥ መክፈት ወይም መፋቅ አይገባም።