የኃይል ቆጣቢ የቤት ዕቃዎች ድጎማ (አሜሪካ)

የኃይል ቆጣቢ የቤት ዕቃዎች ድጎማ መንግሥት አነስተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ዕቃዎችን ለሚገዙ ሰዎች ከዋጋው ከፊሉን የሚሸፍንበት አሠራር ነው። በአሜሪካ ዋናው ክርክር ገንዘቡ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

ድጎማው ለረጅም ጊዜ የተሰጠው በገቢ ግብር ቅናሽ መልክ ነበር። ገዢው ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ ይከፍል ነበር፤ ቅናሹ የሚታሰብለት ዓመታዊ ግብሩን ሲያሳውቅ ነበር። ግብሩ ከቅናሹ ካነሰ ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ አይመለስለትም ነበር፤ ስለዚህ ግብር የማይደርስበት ድሃ ቤተሰብ ምንም አያገኝም ነበር። ለተከራይ ደግሞ ማሞቂያውን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ አከራዩ ነው፤ የኃይል ሒሳቡን ግን ተከራዩ ይከፍላል። ሰቨሪን ቦረንስታይንና ሉካስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት (የፀሐይ ኃይልንና የኤሌክትሪክ መኪናንም ይጨምራል) ከቅናሾቹ 60 በመቶ ያህሉ ከአምስት አንድ ለሆኑት ባለ ከፍተኛ ገቢ ቤተሰቦች ሲደርስ፣ ከአምስት ሦስቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 10 በመቶ ያህል ብቻ አግኝተዋል።

በ2022 የወጣው የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ሌላ መንገድ ጨመረ፦ ዋጋው ሲገዛ ወዲያው ይቀነሳል። ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች የሆነ ቤተሰብ እስከ ጣሪያው ድረስ ሙሉ ወጪው፣ ከ80 እስከ 150 በመቶ ያለው ግማሹ ይሸፈንለታል። ጣሪያው ለኤሌክትሪክ ምድጃ 840፣ ቤት ለሚያሞቅ ሂት ፓምፕ 8,000 ዶላር ነው። አፈጻጸሙ የተሰጠው ለክፍለ ግዛቶች በመሆኑ ግን የሚጀመርበት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል።