ሙስሐፍ፣ መጽሐፍና የአንድ ዓመት ጀርመንኛ

«ቻሌንጅ» የምትለዋን ቃል ወጣቶቻችን ለሁሉም ነገር ያውሏታል፤ ለጭፈራው፣ ለሩጫው፣ አሁን አሁን ደግሞ ለንባብ። ዓመቱን ሙሉ የአንድን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ጀርመንኛን፣ እያነበብኩ እከርማለሁ ብሎ ከራስ ጋር ውል መግባት በመጽሐፍ ወዳጆች ዘንድ እየተለመደ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ውል አማርኛ ቃል ያጣ ይመስል ባዕዱን መጥራት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ስለት እያለ! ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ስለት ይገባል፣ ስለቱንም ያደርሳል፤ ሳያደርስ የቀረ ሲሰጋ ይኖራል። ቃሏ የግእዙ «ሰአለ» ልጅ ናት፤ ጠየቀ፣ ለመነ ማለት ነው። ስእለት ድሮ ልመና ብቻ ነበረች፤ አማርኛ ቤት ከገባች በኋላ ነው «ይህን ካገኘሁ ያን አደርጋለሁ» የሚለውን ዕዳ የጨመረችው።

ደግሞስ ዓመት ቆጥሮ ማንበብ ለዚህ አገር ምኑ አዲስ ነው? ከወሎ ቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ወደ ሳይንት ቢሄዱ፣ ወደ ወግዲ ወይም ወደ ከላላ ቢወርዱ፣ በደብሩ ውስጥ ስንክሳር አለ። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ለእያንዳንዱ ቀን የራሱ ምንባብ የተመደበለት መጽሐፍ ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሥሩ መሰብሰብ፣ ጉባኤ ማለት ነው። ዳዊት ግን «ይደገማል» እንጂ ይነበባል አይባልም፤ መዝሙሮቹ ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው በየሳምንቱ ስለሚመለሱ ድግምቱ እውነተኛ ድግምት ነው። በመስጊዱ ወገን ደግሞ ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር የቀራ ልጅ «ኸተመ» ይባላል። ኸተመ በዓረብኛ ማኅተም አሳረፈ፣ ዘጋ ነው፤ የግእዙ «ኀተመ» ወንድም። አማርኛ ከዚያው ሥር ማኅተምን፣ ማተምን፣ ማተሚያ ቤትን አወጣ። ስለዚህ ቁርአን የጨረሰው ደረሳና መጽሐፍ የሚያትመው ሠራተኛ በአንድ ግሥ ይኖራሉ፤ አንዱ የመጨረሻውን ገጽ ይዘጋል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ይከፍታል።

ደረሳ ካልን ዘንድ፣ እሱም ብቻውን አይቆምም። በወሎ ደረሳ የሃይማኖት ተማሪ ነው፤ ከዓረብኛው «ደረሰ»፣ ተማረ፣ አጠና። በግእዝ በኩል ድርሳን፣ ድርሰት፣ ደራሲ አሉ። ዕብራይስጡም በዚሁ ሥር መፈለግንና መመርመርን ይላል። ተማሪና ደራሲ ከአንድ እናት መወለዳቸው ለደራሲዎቻችን ትንሽ ትሕትና ቢያስተምር ባልከፋ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ማንበብ። ግእዝ «ነበበ» ሲል ተናገረ ማለቱ ነው፤ ነፍስን «ነባቢት» የምንላት ስለምትናገር ነው። «አንበበ» እንግዲህ አናገረ ይሆናል፤ ዝም ያለውን ጽሑፍ አፍ አወጣለት። በንባብ ቤት አጠገብ ያለፈ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አያስፈልገውም። ልጆቹ ግእዝ ንባቡን እየጎተቱ፣ ውርድ ንባቡን እያስረዘሙ፣ ቁም ንባቡን እያፈጠኑ በአንድ ጊዜ ሲጮኹ ቃሉ ከምን እንደተወለደ በጆሮ ይሰማል። በለሆሳስ ማንበብ ለዚህ ግሥ እንግዳ ነው። «ቀራ»ም ከዓረብኛው ሲመጣ ድምፅ ማሰማትን ይዞ ነው የመጣው።

የጀርመኑ ግሥ ሌላ መንገድ ነው የሄደው። ጀርመኖች ማንበብን «ሌዝን» ይሉታል፤ የጥንት ትርጉሙ ለቀመ፣ ሰበሰበ ነው። ዛሬም የወይን ለቀማውን «ቫይንሌዘ»፣ ከአጨዳ በኋላ በማሳው የቀረውን ዛላ መልቀሙን «ኤረንሌዘ» ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን የቦረና ሰው ሳይተረጎምለት ያውቀዋል፤ ቃርሚያ ነው። ነዶው ታስሮ፣ ክምሩ ቆሞ፣ የማሳው ባለቤት ፊቱን ካዞረ በኋላ ከብት ሳይለቀቅበት በፊት ሴቶችና ልጆች ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ዓይን በገለባው ሥር ይሄዳል፤ እጅ አንድ ዛላ ያነሣል፣ ያሸዋል፣ እፍ ይለዋል፣ ፍሬ ካለው ከጉያ ይከተዋል። የእኛም ጸሐፊ ከመጻሕፍት ያገኘውን ሲያቀርብ «ከዚህም ከዚያም የቃረምኩት» ይላል። ጀርመኑ ግሡን ለዋናው ሥራ ሰጠው፤ እኛ ለማስታወሻ ደብተራችን አስቀረነው።

አንባቢ የጀርመንኛውን ዓመት በልብ ወለድ ብቻ እንዲሞላው አልመክርም። ካፍካም ሄሰም ይቆዩ፤ ለወሎ ደጋ ሰው የጀርመንኛ ጽሑፍ ትልቁ ስንቅ የሊቃውንቱ መጽሐፍ ነው። ቴዎዶር ኖልደከ እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ሴማዊ ቋንቋዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከግእዝ ወደ ዓረብኛ የገቡ ቃላትን ለብቻ መርምሯል። ከነዚያ አንዱ «ሙስሐፍ» ነው። እስላሙ ቤተሰብ በጨርቅ ጠቅልሎ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው የቁርአን ቅጂ ስሙን ያገኘው ከግእዙ «መጽሐፍ» ነው፤ ቀድሞም የዓረብ ሊቃውንት ራሳቸው ቃሉን የሐበሻ ነው ሲሉ ጽፈዋል። «ሐዋርያ»ም በቁርአን የዒሳ ደቀ መዛሙርት መጠሪያ ሆኖ የገባው ከዚሁ ነው፤ ሥሩ የግእዙ «ሖረ»፣ ሄደ። አንድ መንደር ላይ ጎረቤታሞች ሆነው አንዱ መጽሐፍ፣ አንዱ ሙስሐፍ እያሉ የሚኖሩ ሰዎች ቃላቸው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ተመልሶ እንደተገናኘ ማን ነገራቸው? ስትራስቡርግ ላይ የታተመ የጀርመንኛ መጽሐፍ።

የመካነ ሰላምም ስም ከዚሁ ዘር ነው። «መካን» የ«ኮነ» ልጅ ነው፤ የሆኑበት፣ የሚገኙበት ቦታ። ዓረብኛውም መካን ይላል። ሰላምም የሁለቱም ነው። መካነ ሰላም የሚለውን ሼሁም ቄሱም በየራሳቸው ቋንቋ ሳይሳሳቱ ይሰሙታል።

ይህን ስም ሳነሣ ሌላ መካን ትዝ ይለኛል፤ መካነ ሥላሴ። ቦታው ሌላ ነው፣ የመካነ ሰላም ከተማ አይደለም፤ ግን በዚያው በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ነበር። ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ከዚያ አገር የተወለደ አንድ ሊቅ፣ አባ ጎርጎርዮስ፣ ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ ሲባረሩ አብሮ ወጣና ሮም ገባ። በ1649 ከኤርፉርት የመጣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት አገኘው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጻሕፍት ለራሱ አስተምሮ ነበር። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን አስጠሩትና በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ስለ አገሩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቋንቋው ተጠየቀ። ሉዶልፍ የጎርጎርዮስን መልስ ሰብስቦ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። አማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገበ ቃላት መልክ ሲታተም ከፍራንክፈርት የወጣው በአብዛኛው የአንድ የቤተ አምሐራ ሰው አነጋገር ነበር። ጎርጎርዮስ ግን አላየውም፤ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ በእስክንድሩና ባሕር መርከቡ ተሰብሮ ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ ከወጣበት 40 ዓመት ቀድሞ።

ጥብቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይቃወመኛል፤ ሉዶልፍ የጻፈው በላቲን እንጂ በጀርመንኛ አይደለምና። ልክ ነው። ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ዲልማንም በ1865 ያወጣውን ታላቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት የተረጎመው በላቲን ነው፤ ሰዋስውን ግን በ1857 በጀርመንኛ ጻፈ። ፍራንዝ ፕሬቶሪዩስም በ1879 «የአማርኛ ቋንቋ» ብሎ ያሳተመው ጀርመንኛ ነው። የጀርመን ሊቃውንት ላቲንን ትተው በቋንቋቸው እስኪጽፉ ድረስ የፈጀባቸው ጊዜ በራሱ ሥርወ ቃል አለው። «ዶይች» የሚለው የቋንቋቸው ስም ከ«ሕዝብ» የወጣ ነው፤ በ8ኛው መቶ ዓመት ካህናቱ ከሚጽፉት ከላቲን ለመለየት «የሕዝቡ» ተባለ። አማርኛም ከግእዝ ጎን እንዲሁ ነበር፤ የሚነገር እንጂ የሚጻፍ ተብሎ የማይከበር። «ጀርመን» የሚለው ስም ግን ሌሎች የሰጧቸው ነው። ዓረብኛ ኦስትሪያን «ነምሳ» የሚለው ደግሞ በቱርክ በኩል ከስላቮች የተወረሰ ሲሆን እዚያ ሥሩ «ዲዳ» ነው። የማይገባህን ተናጋሪ ዲዳ ማለት ቀላል ነው።

የጀርመንኛ ቃል በመካነ ሰላም የለም ብሎ የሚያስብ ካለ ጆሮውን ይክፈት። «ልጄ ኬጂ ገባች» የምትለው እናት በሁለት ፊደል ጀርመንኛ ትናገራለች፤ ፍሪድሪሽ ፍሮብል በ1840 ለልጆች ማቆያው የሰጠው «ኪንደርጋርተን»፣ የልጆች አትክልት ስፍራ፣ አጥሮ አጥሮ ነው ኬጂ የሆነው። ማታ ራዲዮ የሚከፍተው ገበሬም እንዲሁ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል ከ1965 ጀምሮ ይሰማል፤ ሰዉም «የጀርመን ድምፅ» አለው። «ቬለ» ግን ድምፅ ሳይሆን ሞገድ ነው። ባለሙያው አጭር ሞገድ፣ መካከለኛ ሞገድ እያለ እየቆጠረ ጣቢያውን ራሱን በሞገድ ሳይጠራው ቀረ። እኔ ለ«ድምፅ» እፈርዳለሁ፤ ሰው የሚያዳምጠው ሞገዱን አይደለም።

ስለት የገባ ሰው ዓመቱን በጉዞ መጻሕፍት ቢጀምር እመክራለሁ፤ ወሎ በብዛት የምትገኘው እዚያ ነው። ዮሐን ሉድቪሽ ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ወደ ምጽዋ ሲሻገር የወሎው ባላባት አዳራ ቢሌ በደህና ተቀብሎ ካስገባው በኋላ ንብረቱን ገፈፈው። የጉዞ መጽሐፉ በጀርመንኛ በ1858 ወጣ። የተገፈፈ ሰው ስለ ገፋፊው ሲጽፍ ምን ያህል መታመን እንዳለበት አንባቢ ይመዝን፤ ክራፕፍም አገሩን በሌሎች ሰዎች ዓይን ለማየት ብዙ የደከመ አይደለም። ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1861 እና 62 ተጉዞ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ደርሷል፤ ወፍ አጥኚ ስለነበር ከሹማምንቱ ይልቅ ስለ ክንፍና ስለ ምንቃር ሲጽፍ ነው የሚታመነው። ጌርሃርድ ሮልፍስ ደግሞ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አወጣ። የዚያ ዘመን ጀርመንኛ ብዙው በ«ፍራክቱር» ፊደል ነው የታተመው፤ ስሙ ላቲን ሆኖ «የተሰበረ» ማለት ነው። ኤስና ኤፍ አንድ ይመስሉበታል። «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ» ሲለይ ላደገ አንባቢ ይህ የሁለት ሳምንት ልማድ ነው። በየመጽሐፉ ርእስ ላይም ኢትዮጵያ ሳይሆን «አቤሲኒየን» የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ከልብ ወለድ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የዮሴፍ ሮትን «ሂዮብ» ነው የማነሣው፤ በ1930 የወጣ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ የሚያጣውን የአንድ ድሃ አይሁዳዊ መምህር ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ። ሂዮብ የእኛ ኢዮብ ነው፤ የሉዶልፍም ስም ያው። መጽሐፈ ኢዮብን በግእዝ ሲሰማ ያደገ ሰው ሮት የት ቦታ ላይ ከመጽሐፉ እንደሚወጣ ከማንም ቀድሞ ያየዋል።

ለዓመቱ መጨረሻ ግን የአስፋወሰን አሥራተን «ማኒረን» አስቀምጣለሁ። ዶክተር አስፋወሰን አዲስ አበባ ተወልደው እዚያው በጀርመን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኑሯቸውን በፍራንክፈርት ያደረጉ የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ልጅ ናቸው። መጽሐፉ በ2003 ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በሌላ ቋንቋ ተወልደው በጀርመንኛ ለሚጽፉ ይሰጥ የነበረውን የሻሚሶ ሽልማት አገኙ። ሉዶልፍ የጎርጎርዮስን አማርኛ ባሳተመበት ከተማ ኢትዮጵያዊ ጀርመኖችን ስለ ጨዋነት በቋንቋቸው ጻፈላቸው። «ማኒረን» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «እጅ» የወጣ ነው፤ ነገርን አያያዝ። «ጨዋ» ግን ከዚህ በጣም የራቀ መንገድ ነው የመጣው። በግእዝ «ፄወወ» ማረከ፣ «ፄዋ» ምርኮ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በየአገሩ የሚሰፍሩት የንጉሡ ጭፍሮች ጨዋ ተባሉ። ጭፍራው መሬት አገኘ፣ ተከበረ፣ ልጆቹ ከባላገሩ የተለዩ ሆኑ፤ ስሙም ከሰይፍ ወደ ጠባይ ተሸጋገረ። ቤተ አምሐራ ጨዋ ሲሰፍርባት የኖረች አገር ናት፤ ዛሬ ቦረና ላይ «የጨዋ ልጅ» ሲባል ግን ምርኮውን የሚያስብ የለም፤ የሚታሰበው ሰላምታ አሰጣጡ ነው።